ለትርፍ ተሳፋሪ የተሰጠ ምክር

በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ወደ ማንሃተን እምብርት የሚገባውን የቤት መኪና ቀን ቀን 9 ዶላር ማስከፈል ጀመረች። ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ሒሳቡ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ለምድር ባቡርና ለአውቶቡስ ይውላል። የመጨናነቅ ክፍያ ይሉታል። ወሬው ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ በየቡና ቤቱ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው «ደሴ መግቢያ ላይ ይህንኑ ማድረግ ነው፤ ፒያሳ እኮ መላወሻ ጠፋ!» ይላል። ሁለተኛው «ተጨናንቀን ማርፈዳችን ሳያንስ ደግሞ ልንከፍልበት?» ብሎ ስኒውን ያስቀምጣል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ሁለቱም ግን አርፍደዋል። የመጨናነቅ ክፍያ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ከተጀመረ ቆይቷል፤ እርስዎም ሳይነገርዎት ታማኝ ከፋይ ነዎት። ስለዚህ ይጀመር አይጀመር የሚለውን ለቡና ቤቱ ትቼ፣ የሚከፍሉትን በወጉ፣ በሥርዓቱ፣ ግንባርዎን ሳይቋጥሩ እንዲከፍሉ የሚረዳ ምክር ላቅርብልዎ።

ምክሩን ከመቀበልዎ በፊት የሚከፍሉት ምን እንደሆነ ይወቁ። (የውጭውን ዘመን በውጭዎቹ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ አይደናገርዎት።) ሐሳቡን በ1950ዎቹ አፍታትቶ ያቀረበው ዊሊያም ቪክሪ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው። ነገሩን በእኛ አፍ ስናወራው፣ መንገድም እንደ በርበሬ ፈላጊ ሲበዛበት ይወደድ፣ ሲቀንስ ይርከስ ነው። ለረጅም ዘመን ሰሚ አላገኘም። በ1996 ኖቤል ተሸለመ፤ እሱም ለሌላ ጥናቱ ነበር፤ ሽልማቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ምስኪን! አንድ ምሽት ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ቢቆም ኖሮ ሐሳቡ ያለ ካሜራ፣ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ሽልማት ሥራ ላይ ውሎ ያገኘው ነበር።

እዚያ በር ላይ ከሚኒባስ ደጃፍ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ የቆመውን ረዳት ልብ ብለው ይዩት። ሰማዩን ያያል፣ የቆመውን ሰው ያያል፣ የተሰለፈውን መኪና ያያል። አሥር ሰዓት ላይ «ደሴ ደሴ! በታሪፍ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ የቀረው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ መሳፈሩን ይዘው ይቆዩ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ታሪፍ የምትለዋ ቃል ከጥሪው ትወጣለች። አሥራ ሁለት ሲያልፍ፣ ከፋብሪካ የወጣው ሠራተኛና ከዩኒቨርሲቲው የወጣው ተማሪ አንድ ላይ ሲደርሱ፣ «በእጥፍ የሚሄድ ይግባ» ይባላል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጥሪ የለም፤ በር ተከፍቶ ዝም ይባላል፤ ዋጋውን ገብተው ይሰሙታል። ሲንጋፖር በ1975 መሐል ከተማ ለመግባት በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር የሚሸጥ ወረቀት መስታወት ላይ በማስለጠፍ ጀመረች፤ ዋጋውን በኤሌክትሮኒክስ እንደየሰዓቱ ወደ መለዋወጥ የተሻገረችው በ1998 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። የእኛ ረዳት ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ያውም በየቀኑ እንደ አዲስ።

ኒው ዮርኮችም ቢሆኑ ከመናኸሪያ ጠባይ የራቁ አይምሰልዎ። ክፍያው ሊጀመር የነበረው በ2024 ሰኔ፣ በ15 ዶላር ነበር። ሳምንታት ሲቀሩት ገዥዋ ካቲ ሆኩል «ይቆይ» አሉ። ኅዳር ላይ ምርጫው አለፈና በ9 ዶላር ይሁን ተባለ። 15 ብሎ ተነሥቶ በ9 መሳፈር፣ ያውም ሕዝብ አይቶ፣ እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ መሳፈሩ። መናኸሪያ ሲገቡ የተለጠፈውን ታሪፍ ያንብቡ። ብዙዎች ሳያነቡት ያልፋሉ፤ እርስዎ ግን ያንብቡት፤ የተደከመበት ጽሑፍ ነው። ኪሎ ሜትሩ ተለክቶ፣ መንገዱ አስፋልት ነው ጠጠር ተብሎ፣ መኪናው በደረጃው ተመድቦ የተሰላ ሒሳብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተረስቷል፤ ሰዓት። በታሪፉ ዓይን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀትርም 25፣ በምሽትም 25 ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በጭጋግ፣ ከተሳቢ ኋላ ተጎትቶ የወጣ ሰው ይህ እንዳልሆነ ይነግርዎታል። ታሪፉ ምሽትን ስለማያውቅ ምሽቱ ባለቤት የሌለው መሬት ሆኖ ቀረ፤ ባለቤት የሌለው መሬት ላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ያጥራል። ይህችን ነጥብ ያስቀምጡልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ትርፍ ሆነው ሲገቡ ሰላምታ መስጠትን አይርሱ። ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ላይ አራተኛ መሆን ትዳር እንደመግባት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ማጋነን አልወድም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው የረዳቱ ድምፅ ሲሰማ ቀድሞ የተቀመጠው ሰው አይጠጋም፤ ጉልበቱን ብቻ ያዞራል፤ ይህ እንደ መጠጋት ይቆጠራል። ቦታ ከሌለ ዱካ ይወጣልዎታል። ዱካዋ ላይ ፊትዎ ወደ ኋላ፣ ጉልበትዎ ከማያውቁት ሰው ጉልበት ጋር ይሆናል። ዓይንዎን የት እንደሚያደርጉት አስቀድመው ይወስኑ። በዚህ ሁኔታ ሳሉ ሒሳብ ሲጠየቁ ደግሞ ሙሉውን ይክፈሉ፤ ግማሽ ወንበር በግማሽ ዋጋ የሚል ሒሳብ በዚህ መንገድ ተሰምቶ አይታወቅም። ኒው ዮርክ ሰው መጨናነቅን ለመቀነስ ይከፍላል። እዚህ ለመጨናነቅ ይከፍላል። የቱ እንደሚረክስ ፍርዱን ለእርስዎ።

ባጃጅ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ከኋላ ሦስት ሰው ሕጋዊ ነው፤ አራተኛው ከሹፌሩ ጎን በአንድ ጎኑ ውስጥ፣ በአንድ ጎኑ ውጭ ሆኖ ይሄዳል። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ ግማሽ አካልዎ ተሳፋሪ፣ ግማሹ እግረኛ ነው፤ በግራ በኩል ለሚያልፍ አይሱዙ ሁለቱንም መሆንዎን ማስረዳት አይችሉም። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን አሽከርካሪውን በዋጋ አይከራከሩት። ከማደያ ሰልፍ አድሮ የቀዳ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ የገዛ ሰው ከታሪፍ ጋር የተጣላው ከእርስዎ በፊት ነው።

አሁን ከባዱ ምዕራፍ መጣ፤ ትራፊክ ፖሊስ። ከፊት የሚመጣው ሹፌር በመብራት ወይም በእጅ ምልክት ይሰጣል፤ ረዳቱ «ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ» ይላል። ጎንበስ ይበሉ። ለጥቂት ደቂቃ በሕግ ፊት የሉም ማለት ነው፤ ከፍለዋል እንጂ አልተሳፈሩም። ስልክዎን አስቀድመው ድምፁን ያጥፉ። አንዲት እናት በዚህ ሰዓት ጮክ ብለው ዱዓ ቢያደርጉ አይቆጡ፤ ለሹፌሩ እየለመኑለት ነው።

ለምን ለሹፌሩ እንደሚለምኑ ግን ያስቡበት፤ ቀልዱን ለአፍታ አቆየዋለሁ። ሕጉ ትርፍ መጫንን የከለከለው እነዚያን እናት ለመጠበቅ ነው። መኪናው ሲያዝ ሹፌሩ ይቀጣል፤ እሳቸው ደግሞ ሐረጎ ላይ፣ ብርድ ላይ፣ ሊጨልም ሲል ይወርዳሉ። ቅጣቱን ማን እንደተቀጣ ማስላት ቀላል ነው። ተሳፋሪ ከሚጠብቀው ሰው ተደብቆ ከሚጎዳው ሰው ጋር የሚተባበረው ስላልገባው አይደለም፤ በደንብ ገብቶት ነው። ቁጥጥር ብቻውን፣ ያለ ተጨማሪ መኪና ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፤ ተበዳዩን የበዳዩ ጠበቃ ያደርገዋል።

የመናኸሪያው በር ላይ ያለውም ቁጥጥር እንዲሁ የጠነከረ ነው። መውጫ ተቆርጦ፣ ሰው ተቆጥሮ፣ ወንበር ከሰው ጋር ተመሳክሮ ነው መኪና የሚወጣው። ስለዚህ ትርፍ መሆን ከፈለጉ ውስጥ አይጠብቁ፤ ያሳፍራል። ከበሩ ወጣ ብለው፣ መኪናው ሊቆምበት የሚችለውን ጥላ መርጠው ይቁሙ። ቆጣሪው እስከ በሩ ይቆጥራል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

የማን መሥሪያ ቤት ነው? ይህን ለማወቅ የሚነሱ ከሆነ ምሳዎን ቋጥረው ይሂዱ። ማኅበሩ «ስምሪቱ እንጂ ዋጋው የእኛ አይደለም» ይላል። ስምሪት ያለው «ቅጣት የፖሊስ ነው» ይላል። ፖሊስ «ተሳፋሪው ካልመሰከረ ምን ይዤ እከሳለሁ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ተሳፋሪው ደግሞ ነገም በዚያው መኪና ይሄዳል፤ ረዳቱ ፊቱን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አይመሰክርም፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም እውነቱን ይዞ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ይቀጥላል። የሐሳብ መስጫ ሣጥን ካዩ ደግሞ ይጠቀሙበት። ቁልፏን ነካ አድርገው ይዩት፤ ዝገቱ በእጅዎ ላይ ካልቀረ ተከፍታ ታውቃለች ማለት ነው።

ረዳትና ሹፌርን በአክብሮት እንዲያናግሩ የምመክርዎ ግን በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በታሪክም ነው። የዓለም ነዳጅ በተወደደበት ወቅት፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ጭማሪውን ተቃውመው መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ደንግጦ ከጭማሪው ከፊሉን መለሰ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አባትዎ ይነግሩዎታል፤ ዙፋኑም ከመስከረም 1967 አላለፈ። ዳግመኛም የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ በመቃወም ታክሲዎች አዲስ አበባን በእግሯ አስኬዷት፤ ደንቡ እንዲዘገይ ተደረገ። በዚህ አገር ስለ መንገድ ዋጋ የሚደረግ ክርክር መንገድ ላይ አይቀርም። ሚኒባስ ውስጥ «መልሴን ስጠኝ» ሲሉ ድምፅዎን ለስለስ ያድርጉ።

ለሹመኛ አንባቢዬም ምክር አለኝ፤ ደሴ መግቢያ ላይ ካሜራ መትከል የሚያምረው አለና። ቦታው እንኳ የታደለ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቃ፣ አገር አቋራጩን መንገድ በሆዷ አሳልፋ የምትኖር ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ተሳቢ፣ ከሙጋድ ጨርቅ ሊገዛ የወጣው ሙሽራ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን በአንድ አስፋልት ይገፋፋሉ። ለክፍያ በር ይህንኑ የምታስከፍለው ለንደን እንኳ የዚህን ያህል አልተመቸችም፤ ለንደን መግቢያዋ ብዙ ነው። ችግሩ ጭጋጉ ነው። ሐምሌ ላይ የደሴን ጭጋግ ጥሶ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ካለ እኔም አንድ እገዛለሁ፤ ሰው ለመፈለግ።

ሌላው ከክፍያ ነፃ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው። ሲንጋፖር አራት ሰውና ከዚያ በላይ የጫነ መኪና እስከ 1989 ድረስ በነፃ ታስገባ ነበር፤ ሹፌሮችም ከክፍያ ለማምለጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየቆሙ የማያውቁትን ሰው ይጭኑ ነበር። ይህ ሕግ ሐረጎ ላይ ቢታወጅ የሚከፍል መኪና አይገኝም፤ ባጃጃችን ሳይቀር ይዘላል። ለንደን ደግሞ በ2003 በ5 ፓውንድ ጀመረች፤ ቆይቶ የአሜሪካ ኤምባሲ «ይህ ግብር ነው፤ ዲፕሎማት ግብር አይከፍልም» ብሎ እምቢ አለ፤ ውዝፉ ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። ደሴ ኤምባሲ የላትም። ኮድ 4 ግን አላት። የመንግሥት መኪና ለስብሰባ ነው፤ የድርጅት መኪና ለእርዳታ ነው፤ አምቡላንስ አምቡላንስ ነው፤ የባለሥልጣን ዘመድ ዘመድ ነው። ሁሉም በየምክንያቱ ሲያልፍ በሩ ላይ የሚቀሩት ሁለት ዶሮ ይዘው ወደ ሰኞ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት ናቸው። ደግነቱ እሳቸው ክፍያ ለምደዋል።

በር ዘግቶ ማስከፈል ለወሎ አዲስ ትምህርት አለመሆኑንም ያስታውሱ። ከአፋር አሞሌ ጭኖ በባቲ በኩል የሚወጣው ነጋዴ ኬላ ነበረበት፤ ነጋድራስ ነበረበት። ዛሬም ኮምቦልቻ የጅቡቲው፣ የአዲስ አበባውና የመቀሌው መንገድ የሚገናኝባት ናት፤ ጭነት ይዞ በየከተማው የሚያልፍ ሹፌር ስለ ኮቴ ክፍያ ሲነሳበት ምን እንደሚል እዚህ አይጻፍም። በዚህ መንገድ ሳይከፍል ያለፈ ትልቁ ሰልፍ የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ነው፤ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከ1,700 በላይ መኪና አስከትሎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ። ያለ ታፔላ፣ ያለ መውጫ። ጣርማ በር ላይ ጭቃው ያዘውና መኪናውን በሰው ጉልበት አስገፋ፤ ከዚያ ወዲህ በክረምት ጭቃ ለመግፋት ከሚኒባስ ሲወርዱ ብቻዎን አይደሉም።

መንገዱ ጭር ያለበትንም ጊዜ እናውቀዋለን። በጥቅምት 2014 ጦርነቱን ሸሽቶ ከደሴ በእግሩ ሐረጎን የወረደው ሕዝብ፣ ያገኘው መኪና ላይ ለመንጠልጠል የተጠየቀውን ሁሉ የከፈለ ሰው፣ ዛሬ በጥሩምባ የሚደነቁርበትን ፒያሳ እንደ በረከት ያየዋል። በዚህ አልቀልድም። ይህን ያነሣሁት መንገድን ባዶ ማድረግ በራሱ ግብ ነው ለሚሉ ብቻ ነው።

ስቶክሆልም ያደረገችውን ሳልነግርዎ ባልፍ ደግሞ ምክሬ ይጎድላል። ስዊድኖች በ2006 ለሰባት ወር ብቻ ሞከሩት። ከመሞከራቸው በፊት አብዛኛው ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር። ከሞከሩት በኋላ ድምፅ ሲሰጥ የከተማዋ ነዋሪ በጥቂት ብልጫ ደገፈው፤ በዓመቱ ቋሚ ሆነ። ወደ መሐል የሚገባው መኪና በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ነበርና። ሰው ይህን ሲያወራ የሚረሳው ግን አንድ ነገር አለ። ክፍያው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ አውቶቡሶች መንገድ ላይ ገብተዋል። ቀድሞ አውቶቡስ፤ ከዚያ ካሜራ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ሰውየው በምን እንደሚገባ ጠየቁ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ከተማ የመጨናነቅ ክፍያ አላስገባም፤ ኬላ መለሰ እንጂ።

እኛ ዘንድ ያለው ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መሥመር አለ፤ ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተቀብሎ በ2007 ሥራውን የጀመረው። አብዛኛው ሐዲድ ተነጠፈ፣ ዋሻው ተበሳ፣ ጣቢያው ቆመ። መደበኛ መንገደኛ ሳይጭን ግን ዓመታት አለፉ፤ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ አለ፣ ጦርነቱም ዘረፈው። ጨዋ ባቡር ነው፤ ትርፍ አይጭንም፣ ታሪፍ አያስጨምርም፣ ማንንም ጎንበስ በሉ አይልም። መጨናነቅ ያልታየበት ብቸኛ መንገዳችን እሱ ነው። ሹመኛ አንባቢዬ፣ የደሴ ካሜራ ከመተከሉ በፊት ወደዚያ ጎራ ቢሉ እግርዎ አይጠፋም።

በ2012 ሚያዝያ ያየነው ሙከራም አለ። ለኮሮና ሲባል የሕዝብ ማመላለሻ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ እንዲያስከፍል ተደረገ። በወረቀት ላይ ከዚህ የጠራ ስሌት የለም፤ ግማሽ ሲባዛ በሁለት አንድ ይሆናል፤ ሹፌሩ አይጎዳም፣ ተሳፋሪው ይተነፍሳል። እጥፍ ከፍለው ሙሉ ተጭነው የሄዱ ሰዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ይጠይቋቸው። ዋጋው ሲወጣ ሁሉም አወቀ። ወንበሩ ሲሞላ ያየ አልተገኘም።

ለምን አልተገኘም ቢሉኝ፣ መልሱ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ በእጃችን ላይ ነው። ያኔ መንግሥት የታለመ የነዳጅ ድጎማ ብሎ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በተለየ ዋጋ እንዲቀዳ፣ ክፍያውም በቴሌብር እንዲሆን አደረገ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፤ ነዳጁን እንደግፍልህ፣ አንተ ደግሞ ለተሳፋሪው በታሪፍ ጫን። አሁን ያስተውሉ። እያንዳንዷ የተቀዳች ሊትር በታርጋ፣ በሰዓት፣ በማደያ ተመዝግባ ትገኛለች። በዚያች ሊትር የተሳፈሩት አሥራ ስምንት ሰዎች የከፈሉት ብር ግን በረዳቱ ጣቶች መሐል ለርዝመቱ ታጥፎ ይዞራል፤ የትም አልተጻፈም። መንግሥት መኪናው የጠጣውን ያውቃል፣ የበላውን አያውቅም። ቁጥጥሩን ግማሽ ሥራ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የተቆጣጣሪው ስንፍና ብቻ አይደለም።

ከላይ ያስቀመጡልኝን ነጥብ አሁን ይመልሱልኝ፤ ታሪፉ ሰዓት አያውቅም ብዬዎት ነበር። የእኔ ምክር፣ በቅንነት፣ ያውቅ ነው። የማታ ታሪፍ ይውጣ። «ከአሥራ አንድ ተኩል ወዲያ ከኮምቦልቻ ደሴ ይህን ያህል» ተብሎ ግድግዳው ላይ፣ ከቀኑ አጠገብ፣ በዚያው ወረቀት ይለጠፍ። ከቀኑ ይብዛ፤ ማታ ባዶውን ለሚመለስ ሹፌር ቢበዛ አይከፋኝም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ጎማም ይበላበታል። ዛሬ ከሚያስከፍለው ግን ያንስ፤ በለውጡ ደግሞ በማታው ተራ ላይ ስሙ የተጻፈ መኪና በቁርጥ ይቅረብ፤ ያልቀረበ በማግስቱ የቀን ተራውን ይጣ። የጭማሪው ጥቂት ሣንቲም ተቀንሶ ለአንድ የማታ አውቶቡስ ይቀመጥ። ዛሬ ይህ ገንዘብ ከኪሴ አይወጣም እንዳይሉኝ፤ ይወጣል፤ እየወጣ ያለው ግን አውቶቡስ ሳይሆን በርጫ እየሆነ ነው።

ሹፌሮቹ ይቃወማሉ ብለው ይፈራሉ? አንዳንዶቹ አዎ። እኔ ያነጋገርኳቸው ግን ከታሪፍ ይልቅ የሚጠሉት ሌላ ነገር ነው፤ በየምሽቱ እንደ ሌባ መታየት። የተጻፈ እጥፍ ያልተጻፈን እጥፍ ያህል አያዋርድም። ተሳፋሪውስ? ተሳፋሪው ከአንድ ሰው በስተቀር ይስማማል፤ ያ አንድ ሰው ቡና ቤት ስኒውን ያስቀመጠው ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ መኪና አለው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ልምምድ ያስፈልጋል። ዛሬ ማታ እጥፍ ሲከፍሉ ደረሰኝ ይጠይቁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሳቅ ይሆናል። የሚያውቅዎት ሰው ካለ ያፍርብዎታል። ረዳቱ «አብሽሩ ሐጂ፣ ደሴ ስንደርስ» ይላል፤ ሐጂ ባይሆኑም ይቀበሉት፤ ማዕረጉ ነፃ ነው። በማግስቱም ይጠይቁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን እስኪሰጡዎት ሞኝነቱን ይያዙ። በሳምንቱ ሌላ ሰው ከኋላ ወንበር «ለእኔም» ሊል ይችላል፤ እሱ ተማሪ ነው የሚሆነው፤ ተማሪ ሁልጊዜ ይጀምራል። ረዳቱ ተናድዶ «የምን ደረሰኝ? ይሄ እኮ ታሪፍ አይደለም!» ካለ በመኪናው ሰው ሁሉ ፊት መሰከረ ማለት ነው፤ ፖሊሱ አጣሁት ያለው ምስክር በራሱ አፍ ተገኘ። አይጣሉት። ሒሳቡን ይክፈሉት።

መልስዎን ግን ሐረጎን ጨርሰው ሳይወጡ ይቀበሉ። ደሴ ሲቃረብ ወራጅ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ዝርዝር የለም።